የ1950ዎቹ የእድርና የእቁብ መዝገብ፦ የከተማው ባለሙያዎች እነማን እንደነበሩ ከእሱ ማውጣት ይቻላል?

ሰነድ ለቃሚ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል ላለች አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ የአካባቢ ታሪክ እየተዘጋጀ ነው። ያለን ሰነድ ሦስት መዝገብ ብቻ ነው፦ አንድ የእድር፣ አንድ የእቁብና አንድ የሚካኤል ማኅበር። ከእነዚህ ተነስተን በከተማው ማን ሐኪም፣ ማን ጠበቃ፣ ማን ልብስ ሰፊ እንደነበረ መዘርዘር እንፈልጋለን። የቸገሩን ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

ከስም ጎን «ዳኛ»፣ «አለቃ»፣ «ሙሴ»፣ «ሐኪም» ይላል። ሙያ ነው፣ ሹመት ነው ወይስ የማኅበሩ ሥልጣን?

ዓመት ያልተጻፈባቸው ገጾች አሉ። ለምሳሌ አንዱ «ዓርብ ኅዳር ፲፪ ቀን በዘመነ ዮሐንስ» ብሎ ያቆማል።

ገንዘቡ አንዴ በሽልንግ፣ አንዴ በስሙኒ፣ አንዴ በአላድ ተጽፏል።

ከተማው ውስጥ አንጥረኛና ሸማኔ እንደነበሩ ሁሉም ያውቃል፤ በማኅበሩ መዝገብ ግን አንድም የለም።

በመጨረሻም ውጭ አገር ያሉ የከተማው ልጆች «አሜሪካኖቹ ሎጅ ከሚሉት (የወንድማማች መረዳጃ ማኅበር) ጋር አወዳድሩት» እያሉ ነው። ያስኬዳል?

ባለ ጥቁር መዝገብ

ከመጀመሪያው እንነሳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

«ሙሴ» የሰው ስም አይደለም። የጽዋ ማኅበር መሪ ሙሴ ይባላል። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ «ሙሴ አቶ እገሌ» ቢል የሰውየው ስም እገሌ ነው። «ዳኛ» በእቁብ መዝገብ ውስጥ የእቁቡ ሰብሳቢ ነው፤ ፍርድ ቤት ገብቶ የማያውቅ ጨው ነጋዴ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ እድርም ሊቀመንበሩን ዳኛ ይሉታል። የመንግሥቱ ዳኛ ከሆነ «አጥቢያ ዳኛ» ወይም «የወረዳ ዳኛ» ተብሎ በሙሉ ይጻፋል። «አለቃ» የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ነው፤ «ቄስ ገበዝ» የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይ የሚጠብቅ፣ «መሪጌታ» የመዝሙርና የዜማ መሪ፣ «መምሬ» ደግሞ ቄስን በአክብሮት መጥሪያ ነው። «ባላምባራስ»፣ «ግራዝማች»፣ «ቀኛዝማች» ማዕረግ እንጂ ሥራ አይደሉም። ባለ ማዕረጉ ወፍጮ ቤት ወይም ጠላ ቤት ሊኖረው ይችላል፤ ያንን ከሌላ መዝገብ ነው የምታገኙት።

«ሐኪም» ላይ ተጠንቀቁ። በዚያ ዘመን በትንሽ ከተማ «ሐኪም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ድሬሰር ነው፤ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ ክሊኒክ ጠባቂ። የዶክተርነት ማዕረግ ያለው ሰው ቢሆን ጸሐፊው ሳይጽፈው አያልፍም። «ጠበቃ»ም እንዲሁ ነው። ፈቃድ ያለው ጠበቃ አለ፤ ለሰው ነገር የሚከራከረው ነገረ ፈጅ አለ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈውም አለ። መዝገቡ ሦስቱን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ስለዚህ «ጠበቃ» ያለውን ሁሉ ጠበቃ ብላችሁ አታትሙ፤ «በመዝገቡ ጠበቃ የተባለ» በሉት።

አሁን ዋናው ነገር። ሦስቱ መዝገብ የሚመዘግቡት የተለያየ ሰው ነው። እድር ሞት የማይቀርለት ሁሉ የሚገባበት ስለሆነ ሰፊው እሱ ነው። እቁብ ጥሬ ገንዘብ በየሳምንቱ የሚያገኝ ሰው ይፈልጋል፤ ነጋዴ፣ ሾፌር፣ ወፍጮ ቤት፣ ደመወዝተኛ። የጽዋ ማኅበር ግን ተራ ይፈልጋል። በልማዱ 12 ሰው ሆኖ በየወሩ አንዱ ቤቱ ይደግሳል፤ ስለዚህ ዓመቱ ሳያልቅ ሊዛወር የሚችል ሰው ጽዋ ለመውሰድ ይከብደዋል። አስተማሪ፣ ድሬሰር፣ የቴሌ ሠራተኛ፣ ፖሊስ በእድርና በእቁብ ተገኝተው በማኅበር የሚጠፉት በአብዛኛው በዝውውር ምክንያት ነው። በእድሩ ሁለትና ሦስት ዓመት መዋጮ ከፍሎ «ተዛወረ» ወይም «ተሰናበተ» የተባለ ስም ካገኛችሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሠንጠረዥ ሥሩ። በመጀመሪያው ዓምድ ስም ከነአባት፣ ቀጥሎ ማዕረግ፣ ቀጥሎ ሙያ ተብሎ የተጻፈው ቃል እንዳለ፣ ከዚያ እድር፣ እቁብ፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ከዚያ ዋስ የሆነለት ሰው፣ በመጨረሻ የመጀመሪያና የመጨረሻ መዋጮ ቀን። የሰንበቴው መዝገብ ሰንበቴ ቤቱ ባለበት ደብር እንደሆነ ጠይቁ፤ አልጠቀሳችሁትም፣ ግን ያለሱ የገበሬውን ወገን አታገኙም።

የእድሩን መዋጮ ብቻ አትዩ፤ ቅጣቱን እዩ። ጡሩንባ ተነፍቶ ቀብር ላይ ስም ሲጠራ የቀረ ይቀጣል። ከቅጣት ምሕረት ያገኘ ሰው ጎን ምክንያት ይጻፋል፦ «በሥራ»፣ «በገበያ»፣ «በመንገድ»። ሁልጊዜ «በሥራ» የሚባለው ቦታውን ጥሎ መሄድ የማይችል ነው፤ ድሬሰሩ፣ ስልከኛው። ሁልጊዜ «በመንገድ» የሚባለው ሾፌር ወይም ጭነት ነጋዴ ነው። ሙያቸው ያልተጻፈ ሰዎችን የምታገኙት በዚህ ነው። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ከስም ዝርዝሩ የበለጠ የሚናገረው ይህ ገጽ ነው።

ሌላም አለ። የእድሩ መግቢያ ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር ታያላችሁ። አዲስ የሚገባ አባል እድሩ ካለው ንብረት ድርሻውን እንዲከፍል ስለሚደረግ ነው። ለምሳሌ ካዝናው 640 ብር፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ 360 ብር ቢገመት፣ አባሉ 80 ቢሆን መግቢያው 12 ብር ከ50 ይመጣል። የንብረት ዝርዝሩ ቢጠፋም መግቢያውን በአባል ብዛት አባዝታችሁ የእድሩን ሀብት በግምት ታገኛላችሁ።

ዘመን ቆጣሪ

ለቀኑ ጥያቄ፦ «ዓርብ ኅዳር 12 በዘመነ ዮሐንስ» ከበቂ በላይ ነው፤ ዓመቱ 1956 ነው። እንዲህ ይሠራል።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። የክፍያው ድርሻ መጠነ ራብዒት ይባላል። ዓመተ ዓለሙንና መጠነ ራብዒቱን ደምራችሁ ለ7 አካፍሉ፤ ትርፉ መስከረም 1 የዋለበትን ቀን ይሰጣል። 0 ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ።

ለ1956፦ 7456 ለ4 ሲካፈል 1864 ደርሶ ምንም አይተርፍም፤ ዮሐንስ። 7456 ሲደመር 1864 ይሆናል 9320፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ሐሙስ። ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ የወር መባቻ በየወሩ ሁለት ቀን ይገፋል፤ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ። ኅዳር 12 ዓርብ። በ1950ዎቹ ውስጥ ኅዳር 12 ዓርብ የዋለው በ1951 እና በ1956 ብቻ ነው፤ 1951 ደግሞ ሉቃስ ነው። ወንጌላዊውና ዕለቱ አብረው የሚመለሱት በየ28 ዓመቱ ስለሆነ ሌሎቹ አማራጮች 1928 እና 1984 ናቸው። በ1928 ኅዳር አገሩ ጦርነት ላይ ነበር፤ 1984ን ደግሞ ወረቀቱና ቀለሙ ይለየዋል።

ዕለቱ ዓርብ መሆኑ ሌላም ነገር ይነግራችኋል። የኅዳር ሚካኤል የዓመቱ ትልቁ ነው፤ ዓርብ ስለዋለ ግን ድግሱ የጾም ነው። በወጪው ላይ በግ ወይም ቅቤ ካያችሁ ሌላ ቀን ነው ወይም ገጹ የሌላ ዓመት ነው።

የግእዝ ቁጥር ሲነበብ ፮ እና ፯፣ ፷ እና ፸ በእጅ ጽሑፍ ይምታታሉ። አጠራጣሪ ሲሆን የገጹን ድምር ሥሩት፤ ድምሩ ራሱ ይነግራችኋል።

ገንዘቡ፦ የኢትዮጵያ ብር በ1937 ሐምሌ ወር ወጣ። ከዚያ በፊት ማርያ ቴሬዛው ጠገራ ብርና ከነጻነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘዋወሩ ነበር። አዲሱ ብር በሁለት ሽልንግ ስለተመነዘረ 50 ሳንቲም «ሽልንግ» ተብሎ ቀረ። ስለዚህ በ1950ዎቹ መዝገብ ሽልንግ 50 ሳንቲም፣ ስሙኒ 25 ሳንቲም ነው። አላድ የድሮው ግማሽ ብር ነው፤ በዚያ ዘመን የሚጽፈው ዕድሜው የገፋ ጸሐፊ ነው። ሊሬ ካያችሁ ከ1928 እስከ 1933 ያለ ወይም የዚያ ዘመን ዕዳ የተገለበጠበት ገጽ ነው።

የቀበሌ ቁጥር ያለበት አድራሻ ከ1967 በኋላ ነው፤ ቀበሌ የመጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሰ ወዲህ ነው። «ጓድ» የሚለው ቃልም እንደዚያው።

ሰነድ ለቃሚ

እጅግ አመሰግናለሁ። ወጪው ላይ ሽምብራ፣ ጌሾና ብቅል እንጂ በግ የለም፤ ይገጥማል። የእቁቡ መዝገብ ግን ዕለት አይጽፍም፤ ቀንና «ዕጣ ለእገሌ፣ ዋስ እገሌ» ብቻ። መጨረሻ አካባቢ ዋስ የሚለው ይጠፋል። ገጽ ጎድሎ ይሆን?

የዋስ ልጅ

አልጎደለም። ዋስ የሚጠራው ዕጣ ቀድሞ ለደረሰው ነው። 30 ሰው በሳምንት 2 ብር ቢጥል ዕጣው 60 ብር ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የወሰደ ገና የ29 ሳምንት ዕዳ፣ 58 ብር፣ አለበት። በመጨረሻው ሳምንት የሚወስድ ዕዳ የለበትም፤ ዋስ ለምን ይጥራ? ስለዚህ ዋሱ የጠፋበት ቦታ እቁቡ ሊዘጋ እንደተቃረበ ያሳያል። ከዚያ ቀጥሎ ዋስ እንደገና ከመጣ አዲስ ዙር ተጀምሯል፤ ዙሮቹን በዚህ ለዩ።

በቀኖቹ ላይ ከላይ ያለውን ስሌት ሥሩበት። ሁሉም በአንድ ዕለት ላይ ከወደቁ ያ ዕለት የከተማው የገበያ ቀን ወይም ማግስቱ ይሆናል፤ ነጋዴ ገንዘብ በእጁ የሚኖረው ያኔ ነውና። ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ የሚሰበሰብ እቁብ ከሆነ የደመወዝተኛ እቁብ ነው፤ አስተማሪዎቹንና የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊዎችን እዚያ ፈልጉ።

ዋስ ለሙያ ፍለጋ ከሁሉ የተሻለ ነው። ልብስ ሰፊ ለጨርቅ ነጋዴ፣ ጨርቅ ነጋዴ ለልብስ ሰፊ፣ ወፍጮ ቤት ለእህል ነጋዴ ዋስ ይሆናሉ፤ በሥራ የሚተዋወቁ ናቸውና። ስሞቹን በመስመር አገናኙ፤ ብዙ መስመር የሚገባበት ሰው የከተማው አበዳሪ ነው። ብዙ ጊዜ ባለ ሱቁ ነው፣ ዳኛው ላይሆን ይችላል።

ሕጉን በተመለከተ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በመስከረም 1953 ሥራ ላይ ሲውል የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በሁለት ምስክር እንዲረጋገጥ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው ገንዘብም እንዲጠቀስ አስገደደ (አንቀጽ 1725፣ 1727 እና 1922)። ገንዘቡ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም። ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ ከ1953 በኋላ «እስከ ብር ይህን ያህል» የሚል ቃልና የሁለት ምስክር ፊርማ መታየት ከጀመረ ጸሐፊው ሕግ የሚያውቅ ሰው፣ ምናልባት ማመልከቻ ጸሐፊው ወይም የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነው። ካልተቀየረ ደግሞ እንደ ልማዱ የቀጠለ አስተማሪ ወይም ደብተራ። አጥቢያ ዳኛ የሚያየው የገንዘብ ክርክር እስከ 25 ብር ነበር፤ የ60 ብር ዕጣ የካደ ሰው ጉዳይ እሱ ዘንድ አይቆምም። የእቁብ ክርክር ካላችሁ ከፍ ወዳለው ፍርድ ቤት መዝገብ ሂዱ።

ከጣርማበር በታች

ስለ አንጥረኛውና ሸማኔው ማንም አልመለሰም፤ ሁላችሁም አለፋችሁት።

በድሮው ልማድ አንጥረኛ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪና በብዙ ቦታ ሸማኔም «ባለ እጅ» እየተባሉ ይገለሉ ነበር። በቡዳነት ይታሙ ነበር፤ አብሯቸው ጽዋ የሚጠጣ፣ ልጁን የሚድርላቸው አልነበረም። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምጣዱን፣ ባናውን ከእነሱ እየገዛ ማለት ነው። የሚካኤል ማኅበር መዝገብ ላይ አለመኖራቸው በዚህ ይፈታል። ስለዚህ ከማኅበሩ ተነስታችሁ «በከተማው እነዚህ ሙያዎች ነበሩ» ካላችሁ ያንኑ መድልዎ ደግማችሁ ታትሙታላችሁ። በእድሩ ውስጥ ሙያ ሳይጻፍ ሊኖሩ ይችላሉ። የእድሩን ወጪ አገላብጡ፤ «ለአካፋ ማስጠገኛ»፣ «ለዶማ እጀታ»፣ «ለእንስራ» ተብሎ የተከፈለው ለማን ነው? ስሙ እዚያ አለ።

ሁለተኛ፦ ከጣርማበር ቁልቁል ወደ ይፋት ስትወርዱ ሕዝቡ ቅልቅል ነው። አርጎባው በሽመናና በንግድ የታወቀ ነው፤ ጥጡም የቆላ ነው። ወደ አጣዬ በኩል ሲደረስ እድር «ቅሬ» ይባላል፤ ወሎዎች እንደሚሉት። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ይገኛሉ፤ ማኅበርና ሰንበቴ ግን የክርስቲያኑ ብቻ ነው። የእርድ ሥጋ ስለማይጋሩ የለቅሶው ቤት ንፍሮ ለሁለቱም ይመቻል። ስለዚህ የሸማ ነጋዴውን በሚካኤል ማኅበር ስታጡት ከከተማው አልነበረም አትበሉ።

ሴቶቹም የሉም ብላችሁ እንዳትጽፉ። የባል ስም በመዝገብ ላይ ቢሆንም ጠላውን የምትጠምቀው፣ ዳቦውን የምትደፋው እሷ ናት፤ ብዙ ከተማ ለብቻው የሴቶች እድር ነበረው። በመዝገቡ «ወ/ሮ» ወይም «እማሆይ» ብቻዋን የተጻፈች ካለች ባሏ የሞተባት ወይም የራሷ ጠጅ ቤት ያላት ልትሆን ትችላለች።

ቀብቃቢ

የሎጁን ነገር እኔ ልመልስ። በአንድ በኩል ያስኬዳል፣ በሌላው አያስኬድም።

የሚመሳሰሉት በገንዘቡ ነው። ኦድ ፌሎውስ የሚባለው ወንድማማች ማኅበር በ1819 (በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) በአሜሪካ በባልቲሞር ሲመሠረት ሥራው የታመመ አባል መርዳት፣ የሞተ መቅበር፣ የሙት ልጅ ማሳደግ ነበር። እኛ እድር የምንለው ነው፤ ልዩነቱ ለሕመምም መክፈሉ። በ1868 በፔንሲልቫንያ የተቋቋመው ጥንታዊው የኅብር ሠራተኞች ማኅበር ደግሞ አንድ አባል ሲሞት እያንዳንዱ አባል 1 ዶላር እንዲያዋጣ ደነገገ። ወጣቱም ሽማግሌውም እኩል። የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። አባሉ ሲያረጅ ሞት በዛ፤ የመዋጮ ጥሪው ተደጋገመ፤ ወጣቱ «ለምን እኔ?» ብሎ ሸሸ፤ ሲሸሽ የቀሩት ላይ ጥሪው ይበልጥ በዛ። እንዲህ ያለ ማኅበር የሚተርፈው መዋጮውን በዕድሜ ከለየ ወይም መጠባበቂያ ካስቀመጠ ነው። የእናንተን እድር በዚህ ዓይን እዩት፦ በወር ቋሚ መዋጮ ነበረው ወይስ ሰው ሲሞት ብቻ የሚጣል? ሁለተኛው ከሆነ በየዓመቱ ስንት ሞት እንደተመዘገበና ስንት አዲስ ሰው እንደገባ ጎን ለጎን አስቀምጡ። አዲስ ገቢ ከሞት ሲያንስ እድሩ ያረጀበትን ዓመት አገኛችሁት።

ከባለሙያ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ይለያል። አሜሪካ ውስጥ ሎጁ ሐኪም ይቀጥር ነበር፤ በነፍስ ወከፍ በዓመት 1 ወይም 2 ዶላር ለሐኪሙ ይከፈልና አባሉ ሲታመም እሱ ያያል። የሐኪሞች ማኅበራት «ዋጋችንን ያወርዳል» ብለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አምርረው ተዋጉት። ለወጣት ሐኪምና ለጠበቃ ደግሞ ሎጅ መግባት ደንበኛ ማግኛ ነበር። እኛ ጋ ድሬሰሩ ደመወዙን ከመንግሥት ያገኛል፤ እድሩ አይቀጥረውም። እድሩ ከድሬሰሩ የሚፈልገው እንደማንም መዋጮውንና ቀብር ላይ መገኘቱን ነው።

ምሥጢሩን ደግሞ ተዉት። ሎጅ የይለፍ ቃል፣ ደረጃ፣ ሥርዓት አለው፤ አዲስ ሰው ሲገባ በነጭና በጥቁር ኳስ ድምፅ ይሰጣል፤ አንድ ጥቁር ኳስ ሊያስቀር ይችላል። የእድር ስብሰባ ሜዳ ላይ ነው፤ ያለፈ ያገደመ ይሰማል። ሎጅን ከእድር ብቻ ካወዳደራችሁ ግማሹ ይቀራል፤ ጽዋ ማኅበሩን ጨምሩበት። አንድነቱ፣ መሐላው፣ የቅዱሱ ስም፣ አብሮ መብላቱ እዚያ ነው ያለው። ሎጅ እድርንና ማኅበርን በአንድ ቤት የያዘ ነገር ነው ብትሉ ይቀርባል።

ባለ ጥቁር መዝገብ

«ከጣርማበር በታች» የተባለው ጸሐፊ ያለው ትክክል ነው፤ ወጪውን ማየት ነበረብኝ።

ፎቶ ስታነሱ፦ ብልጭታ አጥፉ፣ በመስኮት ብርሃን አንሱ፣ ገጹ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ባዶ ገጽም ቢሆን አትዝለሉ (ቁጥሩ እንዳይዛባ)። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቀለሙን ይበላዋል። ፎቶውን በመዝገቡ ስምና በገጹ ቁጥር ሰይሙት። የእድሩን ኮሚቴ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ ቅጣትና ውዝፍ የተጻፈባቸው ሰዎች ልጆች በከተማው አሉ፤ ስሙን ያዙ፣ ዕዳውን ግን አታትሙ።

አንድ ያልጠየቃችሁት፦ የጸሐፊውን እጅ ለዩ። «ሠ»ን ከ«ሰ»፣ «ጸ»ን ከ«ፀ» እየለየ፣ ቁጥሩን በግእዝ የሚጽፈው የቤተ ክህነት ሰው ነው። 1፣ 2፣ 3 ብሎ ዓምድ አስምሮ «ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ» የሚለው የዘመናዊ ትምህርት ቤት ሰው። እጁ የተቀየረበትን ገጽ ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙያን የሚጠራበት ቃልም ተቀይሮ ይሆናል፤ ትናንት «ሐኪም» የተባለው ሰው ዛሬ «ድሬሰር» ተብሎ ሁለት ሰው እንዳይመስላችሁ።